የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ ስለ ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስትና ስለ ኦሞራቴ

«ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ መጀመሪያ ምን ይታያችኋል? የዶርም ጓደኞቼን አንድ በአንድ ጠይቄያቸው ነበር። የሁሉም መልስ ከፊልም የተቀዳ ነው። ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ደም የፈሰሰበት ክፍል ይገባል፣ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ «ገዳዩ ግራኝ ነው፣ ዕድሜው 35 ነው፣ ከእናቱ ጋር አይስማማም» ይላል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሰውዬው ተይዞ ይመጣል። «ክሪሚናል ማይንድስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለዓመታት ይህንኑ ሲያሳየን ኖሯል። ፊልም ነውና አንቀየመውም። ግን እውነተኛው ሙያ ሌላ ነው፤ ጥቅሙም ከፊልሙ ይበልጣል።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አጭር ነገር ነው። ይህ ሙያ አገራችን ውስጥ ሲነሳ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያቆማል። በእኔ እምነት ግን በጣም የሚያስፈልገው እንደ ኦሞራቴ ባለ ቦታ ነው። ባለሙያውም ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ከሚሆን ይልቅ የአካባቢውን ቋንቋ በእናቱ ጡት የጠባ ልጅ ቢሆን ይሻላል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ደረጃ በደረጃ ላስረዳ።

ሙያው ምንድን ነው?

«ፎረንሲክ» የሚለው ቃል ሥሩ «ፎረም» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ፎረም በጥንታዊት ሮም ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ገበያ የሚቆምበት፣ ክርክር የሚሰማበትና ፍርድ የሚሰጥበት አደባባይ ነበር። ስለዚህ ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ማለት የሥነ ልቦናን እውቀት ለፍርድ አደባባይ ማቅረብ ማለት ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ እኛም ዛፍ ጥላ ሥር ስንፋረድ የኖርን ሕዝቦች ነን።

ባለሙያው ለፍርድ ቤት የሚመልሳቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ተከሳሹ አሁን ክሱን ተረድቶ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ? ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ለፖሊስ የሰጠው የእምነት ቃል የራሱ ነው፣ ወይስ ፈርቶና ደክሞት የተናገረው ነው? ሕፃን ምስክር እንዴት ቢጠየቅ ነው ሳይጎዳ ያየውን የሚናገረው? ቅጣቱን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ድጋፍ ያስፈልገዋል? እነዚህ ሁሉ ብዙ ቁጭ ብሎ ማዳመጥን፣ መዝገብ ማገላበጥን፣ ቤተሰብንና ጎረቤትን መጠየቅን የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።

ከሳይካትሪስት ጋር የሚያምታቱት አሉ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት ደግሞ በቃለ ምልልስ፣ በምዘናና በክትትል የሰውን አስተሳሰብና ባሕርይ ያጠናል። ሁለቱም ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩ ይችላሉ። ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስትን ከምክር አገልግሎት ሰጪ የሚለየው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ምስጢር ጠባቂ አይደለም። አሠሪው ፍርድ ቤቱ ነው። ስለዚህ ገና ሥራውን ሲጀምር «የምትነግረኝን ለዳኛው እናገራለሁ» ብሎ ለተከሳሹ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እመለስባታለሁ።

የሰውን ልብ ለማየት የመፈለግ ጉጉት በእኛም አገር የቆየ ነው። አባቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ አይበተንም። ሌባሻይ የሚባልም ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ ነገር ያጠጡትና ልጁ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ይባል ነበር። በኋላ ተከለከለ፣ መከለከሉም ደግ ሆነ። ስንቱ ንጹሕ ሰው የልጁ እግር ወደ ደጁ ስለመራው ብቻ ተዋርዶ ይሆን? ከሌባሻይ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ የሰውን ልብ አያለሁ የሚል መሣሪያ ሁሉ በአካባቢው ላይ ካልተፈተነ ንጹሑን ይበላል። ዘመናዊ ነው የተባለው መሣሪያም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ሕጉ በሩን ከፍቷል

የኢፌዴሪ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 48 በሕመም፣ በአእምሮ እድገት መዘግየት ወይም በመሳሰለው ምክንያት የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 49 ኃላፊነታቸው በከፊል ለጎደለ ሰዎች ቅጣቱ እንዲቀልላቸው ያደርጋል። አንቀጽ 51 ደግሞ የእኛው ጉዳይ ነው፤ ዳኛው ጥርጣሬ ሲያድርበት የባለሙያ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ይላል። የተከሳሹ ጠባይ፣ የኋላ ታሪኩና ያለበት ሁኔታ እንዲጣራም ማዘዝ ይችላል።

አንቀጹ በዚህ ብቻ አያበቃም። ዳኛውን የሚያስገድደው የባለሙያው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ከግኝቱ ተነስቶ «ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም» የሚለው ሕጋዊ መደምደሚያ የዳኛው ሥራ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይህን ሳነብ ሕግ አውጪው ምን ያህል እንደተጨነቀበት ነው የገባኝ። ባለሙያው ዳኛ እንዳይሆን፣ ዳኛውም ያለ እውቀት እንዳይፈርድ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀምጧቸዋል።

አሁን አንድ ሁላችንም የምናስታውሰውን ጉዳይ ላንሳ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 202 ሰዎችን እንደያዘ ጄኔቫ አረፈ። ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት በወጣበት ቅጽበት ረዳት አብራሪው በሩን ቆልፎ አቅጣጫ ቀይሮ ነበር። ካረፈ በኋላ በመስኮት በገመድ ወርዶ ጥገኝነት ጠየቀ። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ በኋላ ሁለት ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን አዩት። የእኛው ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2007 ዓ.ም. በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። የስዊዘርላንድ ፌዴራል የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የሳይካትሪ ባለሙያዎችን ምርመራ ተመልክቶ ሰውዬው ድርጊቱን ሲፈጽም በወንጀል ሊጠየቅ በሚችልበት የአእምሮ ሁኔታ ላይ እንዳልነበረ ወሰነና ሕክምና አዘዘለት።

አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊት፣ ሁለት ፍርድ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፤ የእኛ ፍርድ ቤት ሰውዬውን ላስመርምረው ቢል እንኳ ሰውዬው እጁ ላይ አልነበረም። የሕጋችን አመጣጥ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቃል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን የተባሉ የጄኔቫ የሕግ ሊቅ ናቸው። ዛሬ ያለው ሕግም ስለ ኃላፊነት የሚያወራውን ክፍል በአብዛኛው ከዚያው ወርሷል። ማለትም ሕጋችንና የእነሱ ሕግ የሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለው ተከሳሹን ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የመረመረ ባለሙያ በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነው። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ኦሞራቴ?

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ስለ አውሮፕላንና ስለ ጄኔቫ ነው፤ ኦሞራቴን ምን አመጣት?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያደግሁት ጂንካ ነው። ክረምት ክረምት ኦሞራቴ አክስቴ ዘንድ እየሄድኩ እከርም ነበር። ለማታውቋት፣ ኦሞራቴ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሙቀቷ የሚያቃጥል፣ ለኬንያ ድንበር የቀረበች የዳሰነች ወረዳ ከተማ ናት። ከቱርሚ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዳሰነች ብሔረሰብ ቁጥር ወደ 48 ሺህ ገደማ ነበር።

ርቀቱ ብቻውን አንድ ችግር ነው። ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አገሪቱ የምታውቀው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውን አማኑኤልን ነበር። በአገር ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ የዳርቻ አገር ዳኛ በአንቀጽ 51 የባለሙያ ማስረጃ ይቅረብ ቢል ትእዛዙ መንገድ፣ አጃቢ ፖሊስ፣ አበልና ወረፋ ይዞ ይመጣል። ከብት ጠባቂውን ተከሳሽ ከማያውቀው ከተማ፣ ከማያውቀው ብርድና ከማይሰማው ቋንቋ መሀል አስቀምጦ «ባሕርይህን ላጥና» ማለት ምን ያህል እውነቱን ያወጣል? ቤቱ ያለ ጤነኛ ሰው እንኳ እዚያ ቢሄድ ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ ያፈጣል።

ከርቀቱ የሚብሰው ግን የቋንቋው ነገር ነው። ዳሰነችኛ ኩሺቲክ ነው፤ የጎረቤቱ የኛንጋቶም ቋንቋ ናይሎ ሳሃራዊ ነው፤ ሐመርኛ ኦሞቲክ ነው፤ የፍርድ ቤቱ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ነው። የአገራችን አራቱም የቋንቋ ቤተሰቦች በአንድ ችሎት በር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በማይገባው ቋንቋ ክርክር ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጥሩ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ችሎት ላይ ተቀምጬ ግን ይህን አይቻለሁ። ተከሳሹ በእጁ እያሳየ፣ ወደ ደጅ እየጠቆመ፣ አንዴም ድምፁ እየተቆራረጠ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው አዳምጦ ሲጨርስ «አላደረግኩም ነው የሚለው» አለ። ሦስት ቃል! የቀረው ሁሉ የት ሄደ?

ይሄ ትንሽ ነገር ከመሰላችሁ የኤልዛቤት ሎፍተስን ጥናት አስቡ። ሎፍተስና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከዚያ ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ልዩነቱ የግሡ ብቻ ነበር። መኪኖቹ «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ያህል ገመቱ፤ «ሲላተሙ» የተባሉት ግን 65 ገደማ አደረሱት። በሌላ ቡድን ላይ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ከባዱን ግሥ ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ «አዎ» አሉ፤ ቀለል ያለውን ከሰሙት 50 ግን 7 ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም! አንድ ግሥ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ትዝታ እንዲህ ካጣመመ፣ ከዳሰነችኛ ወደ አማርኛ ተሻግሮ የሚመለስ ጥያቄ የእረኛን ምስክርነት ምን ያደርገው ይሆን? «መታው»፣ «ወጋው»፣ «ገደለው» በአማርኛም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በወንጀል ሕጉም ሦስት የተለያዩ መዘዞች አሏቸው።

የእምነት ቃልም እንዲሁ ነው። ጊስሊ ጉድዮንሰን የተባለው የአይስላንድ ተወላጅ ፖሊስ ነበር፣ ኋላ ሳይኮሎጂስት ሆነ። አንዳንድ ሰው ባለሥልጣን ደጋግሞ ሲጠይቀው ያልሆነውን «አዎ» እንደሚል አጥንቶ፣ ይህንን የሚለካ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1984 አወጣ። በእንግሊዝ «የበርሚንግሃም ስድስቱ» የተባሉት ሰዎች በአንድ በኩል በእምነት ቃል ላይ ተመሥርቶ ታስረው 16 ዓመት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻ ሲወጡ፣ የእሱ ዓይነት ጥናት የእምነት ቃልን በጥርጣሬ እንድናይ አስተምሮ ነበር። እነዚያ ሰዎች ቋንቋው የገባቸው፣ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ከብት ከማገድ ወጥቶ መለዮ ከለበሰ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመውን ሰው ደግሞ አስቡት።

ፈተናውን ማን ይፈትነዋል?

«ታዲያ መመዘኛ ፈተና እንስጠውና ይታወቃል» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ የሩሲያዊው ሳይኮሎጂስት የአሌክሳንደር ሉሪያ ሥራ ያስተምረናል። ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄ ጠየቀ። በረዶ ባለበት ሩቅ ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ እንዲህ የምትባለው ቦታ ሩቅ ሰሜን ናት፤ እዚያ ያለው ድብ ምን ዓይነት ነው? ገበሬዎቹ እዚያ አገር ሄደው እንደማያውቁ፣ ያላዩትን ነገር እንደማይናገሩ መለሱለት። በፈተና ወረቀት ላይ ይሄ ዜሮ ነው። አስተውላችሁ ከሆነ ግን ጥሩ ምስክር ማለት ይህ ነው! ያላየሁትን አልናገርም የሚል ሰው ችሎት ላይ ወርቅ ነው። ያው መልስ በክሊኒክ ወረቀት ላይ «የማሰብ ችሎታው ዝቅተኛ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል።

ለንደን ወይም ኒውዮርክ የተሠራ ፈተና ለኦሞራቴ ልጅ ስለ አእምሮው የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ትምህርት ቤት መግባቱንና አለመግባቱን ግን በደንብ ይነግረናል። የጠፋች ጊደር ከመቶ ከብት መሀል በቀለሟና በቀንዷ ለይቶ የሚያውቅ ሰው «ትኩረት ይጎድለዋል» ቢባል ማን ያምናል? ይህንን የሚያውቅ ግን የጊደሯን ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው።

ዕድሜም ሌላው ራስ ምታት ነው። በወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ ሁኔታ ይታያል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ ሌላ ድንጋጌ አለው። አንድ ዓመት የሰውን ዕጣ ይለውጣል። የልደት ምዝገባ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ወረቀት በሌለበት ዕድሜን የሚያወጣው ሰው የአካባቢውን ታሪክ ማወቅ አለበት። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው የሞተበትን ጎርፍ በዚያ አገር የሚረሳ የለም። እናት «ይሄኛው ልጄ በጎርፉ ክረምት ገና አልሄደም፣ ይዳህ ነበር» ካለች ባለሙያው አንድ ምሰሶ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ተነስቶ ድርቁን፣ የከብቱን በሽታ፣ የእህቱን ሰርግ እየጠየቀ ይቆጥራል። ይሄ ጥበብ ነው፤ ደግሞ በአስተርጓሚ ሦስት ቃል አይሠራም።

ልማድ በሽታ አይደለም

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። «እንዲህ ያለ ባለሙያ ማስቀመጥ ባህል ነው እየተባለ ወንጀለኛ ለማስለቀቅ አይሆንም ወይ?» በተቃራኒው ነው የማስበው። የአንቀጽ 48 ምክንያቶች ሕመምና የመሳሰሉት ናቸው፤ ልማድ እዚያ ውስጥ የለም። ደም ለመመለስ ብሎ የገደለ ሰው ኦሞ ዳር ይሁን ጎጃም፣ በዚህ ብቻ የአእምሮ ሕመምተኛ አይባልም። ደም መላሽነት እኮ የደጋውም ታሪክ ነው! ባለሙያው ሥራው ሁለቱን መለየት ነው፤ ይሄ ሰው እንደ ጎረቤቶቹ በልማድ ያደረገው ነው፣ ወይስ ጎረቤቶቹ ራሳቸው «ይሄስ ከተለመደው ወጥቷል፣ ካመመው ሰንብቷል» የሚሉት ነው? ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ማኅበረሰቡ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል፤ ልማዱን እብደት ያደርገዋል፣ ወይም እብደቱን «ያው ልማዳቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ስሕተት በጣም ያሳዝነኛል፤ የታመመ ሰው ሳይታከም ማረሚያ ቤት ይገባልና።

ልማድ አይነካ ማለቴም እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በጎረቤቶቻችን በካራ፣ በሐመርና በበና ዘንድ «ሚንጊ» የተባሉ ሕፃናት፣ ለምሳሌ የላይኛው ጥርሳቸው ቀድሞ የበቀለ፣ እርግማን ያመጣሉ ተብለው ይጣሉ ነበር። የካራ ማኅበረሰብ በ2004 ዓ.ም. ይህ ልማድ እንዲቀር በይፋ ወሰነ። ለውጡን በማምጣት ብዙ የደከሙት ቋንቋውን የሚናገሩ የዚያው የካራ ልጆች ነበሩ። ወንጀል ሕጋችንም ሕግ አለማወቅ ከተጠያቂነት እንደማያድን ተናግሮ፣ በቅንነትና በበቂ ምክንያት ለተሳሳተ ሰው ግን ቅጣት የሚቀልበትን መንገድ በአንቀጽ 81 አስቀምጧል። ያ «በቂ ምክንያት» አለ ወይስ የለም የሚለውን ለዳኛው በሀቅ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌላው ተቃውሞ «አስመሳዩስ?» የሚል ነው። ተረቱም «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል፤ ጨዋ መስሎ የሚውል በሽተኛ እንዳለ ሁሉ እብድ መስሎ የሚውል ጤነኛም አለ። አስመሳይን ለይቶ የሚያወጣው ግን ይኸው ባለሙያ ነው። ሰውን ለቀናት እያየ፣ ሲበላና ሲተኛ እየተከታተለ፣ የሚለው ነገር ከሚታወቀው ሕመም ጋር ይገጥማል ወይ እያለ ያመሳክራል። ባለሙያ በሌለበት ግን አስመሳዩም በሽተኛውም በዳኛው ግምት ሥር ይወድቃሉ።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ሽማግሌዎችስ ምን ይሠራሉ?» የሚሉም አሉ። ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፤ ሰላም የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሽማግሌ ሁለት ወገን ያስታርቃል እንጂ አንድ ሰው በዚያች ሌሊት ራሱን ያውቅ እንደነበር ለዳኛ መመስከር ሥራው አይደለም። ስለ ድህነቱ ደግሞ ቀድመን ያየነውን መንገድ ማስታወስ ነው፤ አንድ ተከሳሽ በሁለት ፖሊስ ታጅቦ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ገንዘብ አይወጣም እንዴ?

ምን ይደረግ?

ከልቤ የማምነውን ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥነ ልቦና ሲያስተምሩ ስለ ችሎት የሚያወራ ትምህርት ይጨምሩ፤ ጂንካ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ለቦታው የቀረቡ ተቋማት ደግሞ ዳሰነችኛ፣ ኛንጋቶምኛና ሐመርኛ የሚናገሩ ልጆችን ወደዚህ ሙያ ይሳቡ። ባለ ሁለተኛ ዲግሪ ስፔሻሊስት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ነርስና የሥነ ልቦና ምሩቅ መጀመሪያውን ማጣራት ይሠሩታል፤ ከባዱ ብቻ ወደ ላይ ይላካል። ሁለተኛ፣ የችሎት አስተርጓሚ ይሠልጥን፤ ሁሉንም ቃል እንዲያስተላልፍ፣ እንዳያሳጥር፣ እንዳያሳምር። ሦስተኛ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕፃናት ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ በሌላ ክፍል ሆነው፣ በሠለጠነ ባለሙያ በኩል እየተጠየቁ በካሜራ የሚመሰክሩበት አሠራር አለ። ካሜራው ቢቀር እንኳ የተለየች ክፍልና ቋንቋውን የምታውቅ ሴት ባለሙያ በየወረዳው ብትኖር ስንት ሕፃን ይተርፋል!

አይቻልም የሚል ካለ የጂንካን ሬዲዮ ይስማ። በአካባቢው ብሔረሰቦች ቋንቋ ዜና ይነበባል። ዜና በዳሰነችኛ ማንበብ ከተቻለ «የምትነግረኝን ለዳኛው እናገራለሁ» የምትለዋን ያቺን ዓረፍተ ነገር በዳሰነችኛ መናገር እንዴት ያቅታል? መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ተከሳሹ ይህቺ ዓረፍተ ነገር በትክክል ካልገባችው ከዚያ በኋላ የተሠራው ምርመራ ሁሉ መሠረት የለውም።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ልምጣ፣ እኛ ጋዜጠኞች ልንሆን የምንማር ነን። የፍርድ ቤት ዜና ስንጽፍ «የአእምሮ ችግር እንዳለበት ተነግሯል» ብለን እናልፋለን። ማን ነው የተናገረው? ሐኪም ነው ወይስ ጎረቤት? መርምሮታል ወይስ አይቶታል? ምርመራው በምን ቋንቋ ተካሄደ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በዜናችን ውስጥ ቢገቡ ተጠያቂው ክፍል ሁሉ መልስ ማዘጋጀት ይጀምራል። «እብዱ ገዳይ» የሚል ርእስ ጋዜጣ ይሸጥ ይሆናል፤ ነገር ግን የታመሙ ሰዎችን ሁሉ ገዳይ፣ ገዳዮችን ሁሉ በሽተኛ አድርጎ ያስቀራል።

በአገራችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ቆረቆረችኝ» ይባላል። ሕዝባችን የሚበድለው ቅጣቱ ሳይሆን ሳይሰሙት መፍረድ እንደሆነ ከዱሮ ያውቃል። ኦሞ ዳር ያለ ሰው በሚናገረው ቋንቋ፣ በኖረው ኑሮ፣ በሚያውቀው ዓለም ውስጥ ተሰምቶ ከተፈረደበት በቅሎው ብትሄድም ይችለዋል። ይህን ሊያደርግለት የሚችለው ባለሙያ ደግሞ ዛሬ ምናልባት ኦሞራቴ አንድ ክፍል ውስጥ ፊደል እየቆጠረ ይሆናል። ፈልገን እናስተምረው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኼው ነው።